«ቪዲዮ መልቀቅ ልመና ነው» ተባልን፤ ድሬዎች ምን ትላላችሁ?

የከዚራው፦
ትናንት ማታ ሬዲዮ የሰማችሁ አላችሁ? የምናከብራቸው አንድ የከተማችን አንጋፋ ሙዚቀኛ ተጋብዘው ነበር። ጋዜጠኛዋ «ወጣቶቹ ሥራቸውን በቲክቶክና በዩቲዩብ እያስተዋወቁ ነው፤ እንዴት ያዩታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ዘፋኝ ተጠርቶ ነው የሚዘፍነው። ሳይጠሩት ስልክ አቁሞ እየዘፈነ ቪዲዮ መልቀቅ ልመና ነው» ብለው ዘጉት። አቦ በጣም ነው ያናደደኝ። እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ማን ነው የሚጠራን? የት ነው የሚጠራን? በዓል ሲደርስ ባነሩ ላይ የሚወጣው ከአዲስ አበባ የመጣው ዘፋኝ ነው። የድሬ ልጅ ሕዝቡ ገና በር ላይ እየተፈተሸ ለባዶ ወንበር ሁለት ዘፈን ተጫውቶ ይወርዳል። ታዲያ ስልኬን ባቆም ማንን ለመንኩ?

ካሴት ቤት፦
ልጄ፣ እኔም ሰምቻቸዋለሁ። ሰውየው የተናገሩት ካለፉበት ተነስተው ነው። በቀበሌ ኪነት ያደገ ሰው መጀመሪያ ወንበር ይሸከማል፣ ከዚያ ከኋላ ቆሞ ይቀበላል፤ ማይክ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ሲሳሳት የሚገስጸው ነበረው። ዛሬ ልጁ ጠዋት የያዛትን ዜማ ማታ ይለቃታል። «እዚህ ጋ ከዜማው ወጥተሃል» የሚለው የለም፤ ከሥር ልብ ብቻ ይደረደርለታል።

ገንደ ቆሬ፦
ጋሼ ካሴት፣ ከአክብሮት ጋር፣ «ተጠርቶ» የምትለዋ ላይ እንቁም። የአፍራን ቀሎ ባንድ ልጆችን ማን ጠራቸው? በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ ልጆቹ በኦሮምኛ ሲዘፍኑ መድረክ ተከፍቶላቸው ነበር እንዴ? ሰርግ ቤት ለሰርግ ቤት ነው የዘፈኑት። ዓሊ ቢራ በ13 ዓመቱ ገደማ ነው የተቀላቀላቸው፤ «ቢራ» የሚለው ስም ራሱ ከዘፈነው ዘፈን ነው የወጣለት። ጥቅምት 2015 እዚሁ ከተማ ስንቀብረው የወጣውን ሕዝብ ሁላችሁም አይታችኋል። ያኔ ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ እጃቸውን አጣጥፈው ጥሪ ይጠብቁ ነበር?

ሳቢያን ማዶ፦
ዓሊን ከቲክቶክ ጋር አታነካካው በአላህ። እነሱ በዘፈናቸው ታስረዋል። የዛሬው ልጅ የሚያዝነው ዳታ ሲያልቅበት ነው።

ገንደ ቆሬ፦
መቼ አነካካሁት? መድረክ የተዘጋበት ሰው ሌላ በር ይፈልጋል ነው ያልኩት። እነሱ ሰርግ ቤት አገኙ፤ እኛ ስልክ አገኘን። እሱን መልስልኝ።

ሞንታርቦ፦
ልመናውን አልቀበልም። ግን አብዛኛው የሚለቀቀው ነገር ጆሮ ያቆስላል፤ እሱንም እንነጋገር። ሰርግ ላይ ሳውንድ የምሠራው እኔ ነኝ። ልጁ ይመጣና ስልኩን ሞንታርቦው ፊት ይገትረዋል። ስልክ የሚገባለትን ድምፅ በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ከበሮው በተመታ ቁጥር ሁሉንም ጭምቅ አድርጎ ያወርደዋል፤ የዘፋኙ ድምፅ አብሮ ይሰምጣል። ከበሮው ሲያርፍ ደግሞ የሳህንና የሰው ጫጫታ ብድግ ይላል። ዘፋኙ ጎበዝ ይሁን ደካማ በዚያ መለየት አይቻልም። ድምፁን ከሚያደባልቀው ሚክሰር መስመር አውጡና ድምፁን ለብቻው ቅዱት። ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ኋላ ስታቀናብሩ የጭብጨባውን ድምፅ እጅ ከሚገናኝበት ምስል ጋር አገጣጥሙት። አለቀ። መጥቶ የሚጠይቀኝ ግን የለም፤ ሲጨርሱ «ሳውንድ ማኑ አበላሸብኝ» ይላሉ።

የከዚራው፦
እኔ እጠይቅሃለሁ ወንድሜ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ወደ ልመናው ልመለስ። ጋሼ ካሴት፣ ድሮ መጋላ ሱቅዎ በር ላይ ስፒከር አውጥተው አዲስ ካሴት ሲከፍቱ መንገደኛው ይቆም እንደነበር አባቴ ይነግረኛል። ያንን መንገደኛ ማን ጠራው? ያ ልመና ነበር?

ካሴት ቤት፦
እኔ የከፈትኩት ያለቀ ሥራ ነው! ግጥም የተገዛበት፣ ዜማ የተገዛበት፣ ባንዱ የተከፈለው፣ ሽፋኑ የታተመ። አንተ የምትለቀው የሰው ዘፈን ነው፤ እሱም ግማሹ።

ገንደ ቆሬ፦
«ያለቀ ሥራ»? የዚያ ዘመን መደርደሪያ ስንቱ ተገልብጦ የተሸጠ ካሴት ነበር? በኮንትሮባንድ ቴፕ የገባበት ከተማ እኮ ነው ይሄ። ገልብጦ የሸጠ ትውልድ ነው ዛሬ ስለ ባለቤትነት የሚያስተምረን?

ካሴት ቤት፦
ሱቄን ታውቀዋለህ? ገብተህበት ታውቃለህ? ገልባጭ በከተማው ነበረ፤ እኔ አይደለሁም። ልጆቼን ያሳደግኩበትን እንጀራ በሐሜት አትንካብኝ። ይልቅ መልስልኝ፦ አንተና ጓደኞችህ ቪዲዮ ስትለጥፉ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም ከሥር ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? አንድ አሳየኝ።

ደቻቱ፦
እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ሕጉን ብትዘሉት እንኳ ዩቲዩብ ራሱ ይይዛችኋል፤ ወይ ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይ ገቢው ለባለመብቱ ይሄዳል። ከማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ተመዝጋቢ፣ ከዚያ ጋር በዓመት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ (ሾርትስ) ዕይታ ያስፈልጋል። ያን ሁሉ በሰው ዘፈን ሰብስባችሁ ለማን ነው?

የከዚራው፦
ገንዘቡን ማን አሰበው? ቪዲዮ የምለቀው ሰው እንዲያውቀኝ ነው። ጅጅጋ ሰርግ የተጠራሁት ከአንዲት አጭር ቪዲዮ ነው፤ ባለሰርጉ «ያቺን እንደተጫወትካት ተጫወትልን» ብሎ ደወለ። ይኸው ተጠራሁ! ለቅቄ ነው የተጠራሁት። የራሴን ዜማ ብለቅ ሰርግ የሚይዘኝ የለም፤ ባለሰርግ የሚያውቀውን ዘፈን ነው የሚፈልገው። የደራሲውን ስም አለመጻፍ ግን ነውር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ።

ሳቢያን ማዶ፦
ነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም በአገሪቱ መጀመሪያ ኔትወርኩን ያበራው ድሬ ላይ ነው። «አሁን ድሬ ትታያለች» ተባለ። ስልኬን ስከፍት ዛሬም የማየው የአዲስ አበባን ክለብ ነው። የድሬ ልጅ ቪዲዮ የሚያየው የሰፈሩ ልጅ ብቻ ነው።

ጀጎል፦
ከሐረር ነኝ፤ ስታነቡኝ ታገሱ። ስለ ሰርግ ቪዲዮ አንስታችኋል፣ ማንም ስለ ሙሽራዋ አላነሳም። የእህቴ ልጅ የሂና ምሽት የሴቶች ብቻ ነበር። ሻሽ ወልቆ፣ ፀጉር ተፈትቶ ነው የሚጨፈረው። ከበሮ መቺዋ ስልኳን መስኮት ላይ አቁማ ቀረጸችና ራሷን ለማስተዋወቅ ለቀቀችው። በማግስቱ ቪዲዮው አማቶቿ ስልክ ላይ ደረሰ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ አልቅሳለች።

ገንደ ቆሬ፦
እህቴ፣ ያቺን ከበሮ መቺ አውቃታለሁ። ክፉ አላሰበችም። ሴት ሆና ከበሮ ይዛ ሥራ የምታገኘው በዚያው በቪዲዮ ነው። ደግሞ ሙሽራዋ የምትታየው ሁለት ሴኮንድ ነው።

ጀጎል፦
አማቶቿ አቁመው ያዩት ያንኑ ሁለት ሴኮንድ ነው። ክፉ አሰበች አላልኩም። ሳትጠይቅ ለቀቀች ነው ያልኩት።

ሳቢያን ማዶ፦
ሐረሮች ደግሞ ሁሉን ነገር ድብቅ ማድረግ ትወዳላችሁ። ድሬ ቢሆን ይሄን ያህል አይካበድም።

ጀጎል፦
የድሬና የሐረር አታድርገው! እናትህ ፀጉሯን ፈትታ ስትጨፍር ቀርጬ ብለቀው ምን ትላለህ? ድሬ ሆነህ መልስልኝ።

ሞንታርቦ፦
እውነቷን ነው። ካሜራውን ወደ እጇ ማዞር ትችል ነበር። ጎበዝ ከበሮ መቺ በእጇ ትታወቃለች፤ የቆዳው ጠርዝና መሃሉ ላይ እንዴት እንደምትቀያይር ከታየ ለሥራዋ እሱ ይበቃል።

ካሴት ቤት፦
ሰውየው «ተጠርቶ» ያሉት ይሄ ነው። የጠራህ ቤት አደራ አለብህ። ስልክ አደራ አያውቅም።

የከዚራው፦
ጋሼ፣ አደራ ቢሉ ማን ይከራከራቸው ነበር? «ልመና» ነው ያሉት! ሁለቱን አያደባልቁብኝ። ከበሮ መቺዋ ማስፈቀድ ነበረባት፣ እስማማለሁ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በራሴ ኪቦርድ የቀረጽኩት የማን አደራ ነው?

ካሴት ቤት፦
የራስህን ዜማ ጨርስና አምጣ፤ በሩ ላይ እከፍትልሃለሁ። ስፒከሩ ዛሬም ይሠራል። ለስልክህ ግን ቃሌን አላነሳም።

ገንደ ቆሬ፦
ለጀጎል፦ አሁን ደውዬላት አወረደችው፤ ደንግጣለች። ችግሩ፣ ሌሎች ገጾች ቀድመው ወስደው «የሐረር ሰርግ» ብለው ለጥፈውታል፤ የከበሮ መቺዋንም ስም ቆርጠው አውጥተውታል።

ጀጎል፦
አይቼዋለሁ፣ የመጣሁትም ለዚያ ነው። ያገኘኸውን ሊንክ ሁሉ በውስጥ ላክልኝ፤ ዛሬውኑ ሪፖርት እናደርጋለን። እሷም በራሷ አካውንት ታድርግ፤ የቀረጸችው እሷ ስለሆነች «ሥራዬን ወሰዱብኝ» ማለት የምትችለው እሷ ናት።