የአያቴን ጎራዴ ይዤ ለንደን ብገባ እከሰስ ይሆን?

የልጅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የአያቴን ጎራዴ ከደብረ ብርሃን ይዤ እንድመጣ ትጎተጉተኛለች። ስለቱ ቆልመም ያለ ነው፤ ከእጀታው እስከ ጫፉ 70 ሴንቲሜትር ይሆናል። ከጣሊያን ወረራ በፊት እዚያው አካባቢ አንጥረኛ እንደሠራው ይነገራል። የምኖረው ለንደን ነው። ሳሎን ልሰቅለው፣ በእህቴ ሠርግ ደግሞ ከሀገር ልብስ ጋር ልታጠቀው አስቤያለሁ። ሕጉ ምን ይላል?

ጥንቁቅ፦
እርሳው ወንድሜ። እዚያ አገር ከኪስ ሰንጢ ያለፈ ሁሉ ያሳስራል።

ነገረ ፈጅ፦
በደፈናው እንዲህ ማለት ያሳስታል። ስለቱ ቆልማማ ሆኖ 50 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎራዴ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2008 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) በተከለከሉት የጦር መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ከጁላይ 14 ቀን 2021 ወዲህ ደግሞ ቤት ውስጥ ማስቀመጡም ወንጀል ነው። ነገር ግን ከ1954 በፊት የተሠራ ወይም በባህላዊ ዘዴ በእጅ የተቀጠቀጠ ከሆነ መከላከያ አለህ። ማስረዳቱ የአንተ ድርሻ ነው፤ «ይነገራል» ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ስለቱን፣ እጀታውንና አፎቱን በቅርብ ፎቶግራፍ አንሣ፤ የጥንት ዕቃ የሚያውቅ ባለሙያም ዕድሜውን በጽሑፍ ይመስክርልህ።

አደባባይ ይዞ መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ምክንያት የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥና ሲከፈት የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው እስከ 4 ዓመት እስራት ያስከትላል። ይህን የሚደነግገው የ1988ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ የብሔራዊ ልብስ አካል መሆኑን እንደ መከላከያ ይቀበላል፤ ሆኖም ካባህን አውልቀህ በጃኬት አውቶቡስ ስትሳፈር ያ መከላከያ አብሮህ አይሳፈርም። መኪና ውስጥ ትተኸው ከተገኘም «ረስቼው ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። እኔ ብሆን ግድግዳው ላይ ትቼው ወደ ሠርጉ እሄድ ነበር።

ባለ ቅርስ፦
ሁላችሁም ለንደን ላይ አፈጠጣችሁ እንጂ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ መውጣት አለበት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቲኬት ሳትቆርጥ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ።

የልጅ ልጅ፦
ፈቃዱን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሠርጉ ግን ግላስጎው ነው፤ ለውጥ ያመጣል?

ነገረ ፈጅ፦
ያመጣል እንጂ! ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት፤ የዘረዘርኩት የእንግሊዝንና የዌልስን ነው። እዚያ ያለ ጠበቃ አማክር።