የፈረንጆች ገና የቴሌቪዥን የፍቅር ፊልሞች፦ መጨረሻቸው እየታወቀ ለምን ይታያሉ?

ቀይ ሻርፕ (ጠያቂ)፦

ጥያቄዬ የአሜሪካዎቹ ቻናሎች ሆልማርክና ላይፍታይም፣ እንዲሁም ኔትፍሊክስ በየዓመቱ ስለሚያጎርፏቸው የገና የፍቅር ፊልሞች ነው። ፖስተሩን ያየ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል። ቀይ ካፖርት የለበሰችው ሴት ከትልቅ ከተማ ትመጣለች፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰው ሰውዬ ከትንሿ ከተማ ንቅንቅ አይልም፣ መሀል ላይ ሊዘጋ የደረሰ ዳቦ ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ አለ፣ ማለቂያው ላይ ይሳሳማሉ፣ በረዶ ይወርዳል። ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ያያል? አንዱ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፦ ቀመሩ አንድ ከሆነ፣ አንዱ ፊልም ሆድ የሚያባባው ሌላው እንጨት እንጨት የሚለው ለምንድነው? «ቀለል ስለሚል ነው» የሚለውን መልስ ተዉልኝ፤ ቀሎም የሚያሰለች ሞልቷል። ሥራውን የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

ባለ ስክሪፕቱ፦

ከሁለተኛው ልጀምርልሽ፤ የመጀመሪያው መልስም እዚያው ውስጥ አለ።

ለፊልሙ የሚመደበው የአየር ጊዜ የሁለት ሰዓት ርዝመት አለው። ማስታወቂያው ሲቀነስ ለታሪኩ 85 ደቂቃ አካባቢ ይተርፋል፤ እሱም በማስታወቂያ እየተቆረጠ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ክፍል ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል ረጅሙ ነው። ሰው ገጸ ባሕርያቱን ሳይለምድ ማስታወቂያ ከገባበት ቻናል ስለሚቀይር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ወደ ማለቂያው ክፍሎቹ እያጠሩ ማስታወቂያው ይበረክታል፤ እዚያ ድረስ የቆየ ተመልካች አይሄድም ተብሎ ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ስምንት ጊዜ ሰውን ይዞ የሚያቆይ ነገር ማበጀት አለበት። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ቢሆን ሬሳ ወይም ፍንዳታ ታስገቢበታለሽ። እዚህ የሚገደል የለም፣ ስድብ የለም፣ መኝታ ቤት የለም። የሚቀረው እጅና ዓይን ነው። ሻርፗን ሲያስተካክልላት ጣቱ ከሚገባው በላይ ትንሽ ይቆያል። ጉንጯ ላይ የቀረውን ዱቄት ያሳያታል እንጂ አይጠርግላትም። ጎበዝ ጸሐፊ እነዚህን ነገሮች ቆጥቦ ነው የሚያወጣቸው፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ከጠረገላት አምስተኛው ላይ የሚያደርገው ያጣል። ዳር ዳር ማለቱ ራሱ ታሪኩ ነው።

ከዚያ መሀል ላይ ሊሳሳሙ ሲሉ የሚቋረጥ ትዕይንት ይመጣል። ሁሉም ፊልም ላይ አለ፤ ጎበዙና ሰነፉ የሚለዩትም እዚህ ነው። በሰነፉ ፊልም ስልክ ይጮኻል፤ ማን ደወለ፣ ለምን አሁን ደወለ፣ መልስ የለም። በጎበዙ ፊልም የሚያቋርጣቸው ታሪኩ አስቀድሞ የተከለው ነገር ነው። ለምሳሌ ሦስተኛው ክፍል ላይ «ይህ ፊውዝ ከዚህ በላይ አይችልም» ይላታል፤ እሷ እልህ ይዟት ተጨማሪ መብራት ትሰካለች። ሁለት ክፍል ቆይቶ፣ ፊታቸው ተጠጋግቶ ሳለ ቤቱ ድርግም ይላል። ጨለማው ውስጥ ይስቃሉ። መሳሙ ቀረ፣ ቅርበቱ ግን ጨመረ፤ ከዚያም በላይ እሷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች፣ እሱም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በአንድ ፊውዝ ተነገረን።

ሁለተኛው መፈተኛ ስምንተኛው ክፍል አካባቢ የሚመጣው ኩርፊያ ነው። ግማሽ የስልክ ንግግር ሰምታ ሻንጣዋን የምታነሣውን ታውቂያታለሽ። እንደኔ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ ጠብ ከሆነና ያቺን ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ማንም በቂ ምክንያት ከሌለው፣ ፊልሙ እዚያው ሞተ። ጠብ የሚታመነው የሁለቱም ፍርሃት እውነት ሲሆን ነው፦ እሷ በእርግጥ የሥራ ዕድገት ተሰጥቷት እስከ ዲሴምበር 24 መልስ መስጠት አለባት፤ እሱ ደግሞ ከዚህ በፊት ለሥራ ብላ የሄደች ሰው አይቷል፣ ስለዚህ «አትሂጂ» ማለት አይደፍርም። እንዲህ ሲሆን ዝምታው ራሱ ያማል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ስንመለስ፣ እነዚህን ፊልሞች «ይዋደዱ ይሆን?» ብሎ የሚያይ የለም። የሚታየው እንዴት አድርገው እዚያ እንደሚደርሱ ነው። መጨረሻው ተነግሮ ስላለቀ ዓይን ሁሉ ወደ ትንንሹ ነገር ይዞራል፤ ትንንሹ ነገር ባዶ ከሆነ ደግሞ የሚሸሸግበት የለውም።

የቀረጻ ክፍል፦

ባለ ስክሪፕቱ ሁሉንም ለወረቀቱ ሰጠው። ግማሹን የሚወስኑት ቀንና ገንዘብ ናቸው እኮ።

እነዚህ ፊልሞች በአብዛኛው በ15 ቀን አካባቢ ቀረጻ ያልቃሉ። ስክሪፕቱ ወደ 100 ገጽ ይጠጋል፤ ሲካፈል በቀን ስድስትና ሰባት ገጽ ማለት ነው። ለሲኒማ የሚሠራ ትልቅ ፊልም በቀን ሁለት ሦስት ገጽ ከሄደ ደህና ሄደ ይባላል። ሁለቱ ሰዎች የቡና ኩባያ ይዘው በመንገድ እየሄዱ ለምን ያን ያህል እንደሚያወሩ ከዚህ ይገባችኋል፦ ካሜራው ከፊታቸው ወደ ኋላ እየሄደ ሦስት ገጽ በአንድ ጊዜ ይቀረጻል፤ መብራትና ካሜራ በየማዕዘኑ ማዞር አያስፈልግም። ኩባያዎቹ ግን ባዶ ናቸው። ተዋናይዋ «ትኩስ» የተባለውን ኩባያ እንደ ላባ ስታወዛውዘው ትዕይንቱ ተበላሸ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ውስጡ ውሃ መጨመር።

በረዶውስ? ብዙዎቹ ፊልሞች የሚቀረጹት በካናዳ ነው፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ቫንኩቨርና ላንግሊ አካባቢ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ እንደ አልሞንት ባሉ ትንንሽ ከተሞች። ብዙ ጊዜም በእነሱ በጋ፣ በሙቀቱ ወራት። መሬቱ ላይ ነጭ ብርድ ልብስ የሚመስል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ጠርዙ እንዳይታይ የተፈጨ ነጭ ወረቀት ይነፋበታል፤ ከሰማይ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ አረፋ ነው። አረፋ የሚተፋው ማሽን ስለሚጮህ አንዳንዱ ንግግር በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ዳግም ይቀዳል። ድምፁ ድንገት ከቤት ውስጥ የሚወራ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። በረዶ ማልበስ ውድ ስለሆነ የሚሸፈነው ካሜራው የሚያየው ቅርቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ኋላው ላይ ቅጠሉ ለምለም የሆነ ዛፍ ብቅ ይላል፤ ጠንቃቃ ዳይሬክተር ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆኑትን ጥዶች ከኋላ አድርጎ ያቆማቸዋል። የማይሸፈነው ነገር ትንፋሽ ነው። በጁላይ ሙቀት ከአፍ እንፋሎት አይወጣም፤ ካፖርት ደርቦ የቆመው ተዋናይ ግንባር ግን ያብረቀርቃል፣ ሜካፕ ሠሪዋ ከጎኑ አትጠፋም።

ሌላ ሰው የማያስተውለው ችግር ሌሊቱ ነው። በጁን መጨረሻ ቫንኩቨር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ንጋት ላይ 11 ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ትወጣለች። የገና ፊልም ደግሞ መብራት ካልበራበት የገና ፊልም አይሆንም። ስለዚህ መስኮቱ ከውጭ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ «ማታ» ቀትር ላይ ይቀረጻል። ከሰዎቹ ጀርባ የሚታዩት ክብ ክብ የደበዘዙ መብራቶችም ለውበት ብቻ አይደሉም። ረጅም ሌንስ ተገጥሞ ጀርባው ሲደበዝዝ፣ ሁለት ክር መብራት ሙሉ አዳራሽ ያጌጠ ያስመስላል፤ ትናንት ሆቴል የነበረው ክፍል ዛሬ የከንቲባው ቢሮ መሆኑም አይታወቅም።

ካናዳ የተመረጠችው ለበረዶዋ እንዳይመስላችሁ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ለውጭ ፕሮዲዩሰር፣ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ሠራተኞች ከሚከፍለው የጉልበት ወጪ ላይ ለዓመታት 28 በመቶ በታክስ ትመልስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 36 በመቶ አሳደገችው። የፌዴራሉ መንግሥት 16 በመቶ ይጨምርበታል። ፊልሙ «የካናዳ ሥራ» ተብሎ እንዲመዘገብ ከተፈለገ ደግሞ ከ10 ነጥብ ቢያንስ 6 ማግኘት አለበት፤ ከጸሐፊውና ከዳይሬክተሩ አንዱ፣ ከሁለቱ መሪ ተዋንያንም አንዱ ካናዳዊ መሆን ግድ ነው። ፖስተሩ ላይ የታወቀች አሜሪካዊት ቆማ ከጎኗ ያለው ወንድ ለብዙዎች አዲስ ፊት የሚሆነው አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው።

ታዛቢ፦

ሁለታችሁም ስለ ፊልሙ አወራችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ሰው የሚያየው ፊልሙን ሳይሆን ወቅቱን ነው።

ሆልማርክ «ካውንትዳውን ቱ ክሪስማስ» (ወደ ገና ቆጠራ) ያለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ በሁለት ቻናሎቹ በአንድ ወቅት 40 ያህል አዳዲስ ፊልሞች ያወጣ ነበር፤ የሚጀምረውም ኦክቶበር 31 የሚውለው ሃሎዊን ሳይደርስ ነው። እናት ኩባንያው ከ1910 ጀምሮ የሰላምታ ካርድ ሲሸጥ የኖረ፣ ከ1973 ወዲህ ደግሞ የዛፍ ጌጥ የሚሸጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ኩባንያ በየትዕይንቱ ጌጥ የተሰቀለበት ፊልም ራሱ ማስታወቂያ ነው። ተመልካቹም ቁጭ ብሎ አያይም፤ ስጦታ ይጠቀልላል፣ ኬክ ይጋግራል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ በኋላ አንዱ ገጸ ባሕርይ «እንግዲህ ለድግሱ የቀረን አራት ቀን ነው፣ አዳራሹም ገና አልተገኘም» ይላል። ይህ የጸሐፊ ድክመት አይደለም፤ ወጥ ቤት ሄዶ ለተመለሰ ሰው የተጻፈ ነው። አሥር ደቂቃ ያመለጠው ሰው ምንም አያመልጠውም።

«መጨረሻውን ማወቅ ደስታ ይጨምራል» የሚሉም አሉ፤ እሱን ደግሞ በልኩ እንያዘው። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ተመራማሪዎች ሊቪትና ክሪስተንፌልድ፣ አጭር ልብ ወለድ ከማንበባቸው በፊት መጨረሻው የተነገራቸው ሰዎች ይበልጥ እንደወደዱት አሳይተዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ተቃራኒውንም አግኝተዋል። ይልቅ የሚያሳምነኝ የመገናኛ ብዙኃን ሥነ ልቦና ተመራማሪው ዶልፍ ዚልማን በ1980ዎቹ ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ ሰው የሚያየውን የሚመርጠው ስሜቱን ለማስተካከል ነው። ዲሴምበር ላይ ቤተሰብ፣ ወጪና ጉዞ ሲደራረብበት፣ ጠብ ሁሉ በአሥር ደቂቃ የሚታረቅበት ፊልም ቢመርጥ አይገርምም።

አንድ ነገር ግን አትሸፋፍኑ። «ትንሿ ከተማ» የተባለችው ለዓመታት ከሞላ ጎደል ነጭ የሆኑ የወንድና የሴት ጥንዶች የሚዋደዱባት ነበረች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ሆልማርክ ሁለት ሴት ሙሽሮች የሚሳሳሙበትን ማስታወቂያ ከአየር አውርዶ፣ ቁጣ ሲነሣ በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረ። ኃላፊው ቢል አቦት በጃንዋሪ 2020 ለቀቁ፤ በኋላ «ግሬት አሜሪካን ፋሚሊ» የተባለውን ተፎካካሪ ቻናል ይመሩ ጀመር፣ ተዋናይት ካንዳስ ካሜሮን ቡሬም በ2022 ወደዚያ ተሻገረች። ሆልማርክ በበኩሉ ጥንዶቹን ማብዛት ቀጠለ። «ሁሉን የሚያስማማ ቀለል ያለ ፊልም» የሚባለው እንግዲህ ይህን ያህል ነው የሚያስማማው።

ቀይ ሻርፕ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታዛቢ፣ ስለ ወቅቱ ያልከው ሰው ለምን እንደሚከፍተው ያስረዳል፤ ለምን አንዱን ጨርሶ ሌላውን እንደሚዘጋው ግን አይነግረኝም። ባለ ስክሪፕቱ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አይቶ መለየት ይቻላል?

ባለ ስክሪፕቱ፦

ይቻላል። መጀመሪያ ሥራዋን እዪ። «ማርኬቲንግ ላይ ነው የምትሠራው» ተብሎ አንድም ጊዜ ስትሠራ ካላየናት፣ መጨረሻ ላይ ሥራዋን ስትተወው ምንም አልተወችም። ጋጋሪ ከሆነች ሊጥ ስትነካ እጇ ይናገራል፤ አርክቴክት ከሆነች አሮጌው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ጣሪያውን ነው።

ቀጥሎ ከተማ የቀረውን እጮኛ። ስልኩ ላይ ብቻ የሚያፈጥ፣ ልደቷን የሚረሳ ሰው ከሆነ ጸሐፊው ሥራውን አቅልሎታል፤ እንዲህ ያለውን መተው ምን ምርጫ አለው? ደህና ሰው ሆኖ የማይስማማት ሲሆን ነው ውሳኔዋ ክብደት የሚኖረው። የሞተች እናት ወይም የሞተ ባል ከተጠቀሰ ደግሞ እንዴት እንደተጠቀሰ ስሚ። በመጀመሪያ ትውውቃቸው ላይ ለማያውቁት ሰው ከተተረከ ዝጊው። አንድ የዛፍ ጌጥ ከሳጥን አውጥታ፣ አይታው ተመልሳ ከከተተችውና ማንም ምንም ካላለ፣ ቀጥዪ።

የቀረጻ ክፍል፦

እኔ አንድ ልጨምር። መጀመሪያ ሲያወሩ የሚናገረውን ሰው ትተሽ የሚያዳምጠውን እዪ። በ15 ቀን ፊልም ላይ ለኤዲተሩ የሚደርሰው ጥቂት ቀረጻ ነው። ሁሌ አፉን ወደከፈተው ሰው ምስሉን የሚያዞር ከሆነ፣ የአድማጩ ፊት ላይ የሚይዘው ነገር አላገኘም ማለት ነው። እሱ እየቀለደ ካሜራው እሷ ላይ ከቆየ፣ እሷም ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ከነከሰች፣ በረዶው አረፋ ቢሆንም ዛፉ ቢለመልምም ሰው ያንን ፊልም ይጨርሰዋል።