«የጎረቤትህን በሬ ጥርስ አትቁጠር»፦ በደሴው የኮሚክ ውድድር ላይ የተነሣ ክርክር

የጦሳው
ቅዳሜ ዕለት የውድድሩ ሥራዎች በተሰቀሉበት አዳራሽ ነበርኩ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ከእንግዲህ ተወዳዳሪ በተወዳዳሪ ሥራ ላይ አስተያየት አይጽፍም። ወሎ ገራገር ነው፤ ሰው አናስከፋም» ሲል ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ደንቡን ያወጡት እኮ እነርሱው ናቸው! ተወዳዳሪው ስምንት ገጽ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ፣ ይሥላል፣ ሥራው ሁለት ሳምንት ይሰቀላል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሦስት የሌሎች ሥራዎች ሥር ገንቢ አስተያየት ይጽፋል፣ የፈለገም የተጻፈለትን አንብቦ አሻሽሎ ለዳኞች ያስረክባል። አንዲት ልጅ «አራተኛው ገጽ ላይ ማን እንደሚናገር አይታወቅም» ስለተባለች ሥራዋን አወረደች፤ በማግስቱ ደንቡ ተሻረ። ገራገርነት የጓደኛን ሸሚዝ ቁልፍ ተዛንፎ እያዩ ዝም ማለት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ከኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ነገሩን ከገራገርነት ጋር ማያያዛቸው እኔንም አልጣመኝም፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነው። የራሱን በሬ ሊሸጥ ገበያ የወጣ ሰው የጎረቤቱን በሬ ጥርስ አይቆጥርም። ሽልማቱ አንድ ነው፤ ሁለታችሁም ትፈልጉታላችሁ። «ገንቢ» ብትሉት ባትሉት፣ ጥሩውን ሐሳብ ለራሳችሁ ታስቀሩና ለሌላው ትርፍራፊውን ትሰጣላችሁ።

እርሳስ
ተወዳዳሪ ነኝ፤ ስለ ትርፍራፊው ልንገርህ። ሦስተኛው ገጼ ላይ እናትየዋ «የት አመሸህ?» ትላለች፤ ልጁ «ሐይቅ» ይላል። ልጁን በግራ፣ እናቱን በቀኝ ሥዬ የሁለቱን የንግግር አረፋ (ንግግሩ የሚጻፍበትን ክብ) በእኩል ከፍታ አስቀመጥኩ። የምናነበው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይነበባል። ሦስት ሳምንት ስሠራው አላየሁትም፤ ታሪኩን ስለማውቀው ዓይኔ ራሱ እያቃና ያነብልኝ ነበር። ያየልኝ አንድ ተወዳዳሪ ነው። የእናትየዋን አረፋ ከፍ፣ የልጁን ዝቅ አደረግሁ፤ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ሌላው ደግሞ ፊደሌ እጅግ ማነሱን ጻፈልኝ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ አብዛኛውን ጊዜ በትልልቁ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ ቁመቱ እኩል ነው፤ ቢያንስም ይነበባል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ቅጥያው ላይ ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ ገጹ በስልክ ፎቶ ሲነሣ ትጠፋለች። ይህንን የነገሩኝ ሁለቱም ተፎካካሪዎቼ ናቸው። ትርፍራፊ ከሆነም ጣፍጦኛል።

የሰኞ ገበያዋ
ልጅቷ ጎረቤቴ ናት። 17 ዓመቷ ነው። የተጻፈባት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አይደለም። ከሥሩ «ሦስቱም ሴቶች አንድ ፊት ነው ያላቸው፤ መስተዋት ፊት ተቀምጠሽ ነው የሣልሻቸው?» ይላል። የጦሳው ግማሹን ቆርጦ ማምጣቱ አሳዝኖኛል። የመጀመሪያው ገንቢ ይባል፤ ሁለተኛው ምን ይገነባል?

የጦሳው
እትዬ፣ ሁለተኛውን አላየሁትም። ካለ የጻፈው ሰው ይወቀስ። ነገር ግን ፌዙን ብናነሣለት ከሥሩ የቀረው እውነት ነው። ሦስት ሴቶች በአንድ ገጽ ካሉ አንባቢ በቁመት፣ በጸጉር አሠራር ወይም በነጠላ አጣጣል ሊለያቸው ይገባል። «አንዷን አሳጥሪያት፣ አንዷን ሻሽ አስሪያት» ቢላት ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ ባልተነሣ። ክፉ አነጋገር ተናጋሪውን ያስወቅሳል እንጂ ደንብ አያሽርም።

ለከኮምቦልቻ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የጎረቤትህ በሬ እያነከሰ ወደ ገበያ ሲገባ ብታይ አትነግረውም?

የባቲው
ስለ ገበያ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። ጥርስ የሚቆጥረው ገዢው ነው፤ አለዚያም ደላላው። የሚቆጠረውም የታችኛው መንጋጋ ነው፤ በሬ ላይኛው የፊት ጥርስ የለውም። የታችኞቹ ስምንቱ ሲለወጡ ሞላ ይባላል። ሰኞ ባቲ ኑና እዩ። ምሳሌ ስትመርጡ የምታውቁትን ምረጡ።

ከኮምቦልቻ
እኔስ ምን አልኩ? ሻጭ አይቆጥርም ነው ያልኩት። አንተም የሚቆጥረው ገዢ ነው አልክ። እየደገፍከኝ ነው ወይስ እየተከራከርከኝ?

የባቲው
እያረምኩህ ነው። ሻጭ የማይቆጥረው ከጨዋነት የመጣ አድርገህ አቀረብከው። የራሱን በሬ በስንት እንደሚሸጥ ለማወቅ ሲፈልግ የጎረቤቱን አሳምሮ ይቆጥራል፤ ድምፁን አያሰማም እንጂ።

እርሳስ
የባቲው ልቤን አገኘው። በሦስት ሰዎች ሥራ ላይ ስጽፍ ከተጻፈልኝ የበለጠ ተምሬአለሁ። አንደኛው ታሪክ ውስጥ አውቶቡስ ይገለበጣል፤ ሣዩ በትልቁ «ቡም» ብሎ ጽፎበታል። ለምን እንዳልጣመኝ ለማስረዳት ግማሽ ቀን አሰብኩ። አማርኛ ለድምፅ ድሃ አይደለም፤ «ድው» አለ፣ «ጧ» አለ፣ «ዷ» አለ፣ ድምፅ ለሌለው ነገር እንኳ «እጥፍ አለ»፣ «ክው አለ» እንላለን። «ቡም» የሚል አውቶቡስ ከሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ከፊልም ውስጥ የወደቀ ነው የሚመስለው። ይህንን ከጻፍኩ በኋላ የራሴን ገጾች ስከፍት ሁለት «ቡም» አገኘሁ።

ከኮምቦልቻ
እና የራስህን ሰረዝክ፤ የእሱ ሳይሰረዝ ቀኑ ቢያልፍስ? ጥርስ ቆጥረህ አተረፍክ ማለት ነው። ምስክርነትህ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

እርሳስ
ነግሬዋለሁ እያልኩህ! የባቲው ሻጭ ነው ድምፁን የማያሰማው፤ እኔ አሰምቻለሁ።

የዋድላ ልጅ
ከስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት ዋድላን ሦስተኛ አድርጎ የሚቆጥር አገር ውስጥ ይህ ክርክር መነሣቱ ይገርማል። ቅኔ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ለብቻው ተሸሽጎ ያማረ ነገር እንደማይወጣ ያውቃል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ጉባኤ ፊት ይናገራል፤ ቤት ከጎደለ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተጋጠመ እዚያው በሁሉም ፊት ይታረማል። ጀማሪውን የሚያርመውም ብዙ ጊዜ ቀድሞት የገባው ተማሪ ነው። አፍሮ መጽሐፉን ጠቅልሎ የሄደ ሊኖር ይችላል፤ በእርሱ ምክንያት ጉባኤው አልተበተነም።

የሰኞ ገበያዋ
አባቴ፣ ቅኔ ቤት ውስጥ የገንዘብ ሽልማት የለም። አራሚው የታናሹ ቅኔ ቢያምር የሚያጣው ነገር የለም። እዚህ ግን አለ። ይህችን ልዩነት ዘልለው ነው የመጡት።

የዋድላ ልጅ
ሽልማት የለም ያለው ማን ነው? ስም አለ። ስም ከገንዘብ ያንሳል?

ከኮምቦልቻ
ስም ኪራይ አይከፍልም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የ24 ሰዓት ኮሚክ የሚባለውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ 24 ገጽ በ24 ሰዓት። ማንም የማንንም ገጽ አይነካም፤ የሠራኸውን ይዘህ ትወጣለህ። ለምን እንደዚያ አይደረግም? ሥራው ያንተ፣ ጥፋቱም ያንተ።

ሐይቅ ዳር
ያ ውድድር ሆኖ አልተጀመረም። በ1990 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ የሙያ ጓደኛውን ስቲቭ ቢሴትን «ትችላለህ አትችልም» ብሎ ያመጣው እልህ ነው። ተሸላሚ አልነበረበትም። ጥርስህ ሲነቃነቅ ሌላ ጥርስ አታምጣብን።

ይልቅ የኔን ጉዳይ ልናገር፤ ከሚታሙት አስተያየት ጻፊዎች አንዱ ነኝና። አንድ ልጅ ዋና ገጸ ባሕሪውን፣ ደግ ሴት ናት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በጎን ነው የሣላት፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። በአገራችን የቆየ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ስለዚህ «ቢያንስ በመጀመሪያው ገጽ ፊቷን ወደ አንባቢ አዙራት» ብዬ ጻፍኩለት። ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ ያላየ ማን አለ? ኮሚክ ከውጭ መጣ እንላለን እንጂ ሣጥን በሣጥን ታሪክ መናገር ለእኛ ዓይን አዲስ አይደለም። ያንን ዓይን ይዞ የሚመጣ አንባቢ አለ።

የባቲው
ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ስለምትኖር ይሆናል እንጂ አያቴ መንዙማ እየሰማች ያደገች ናት፤ ያንን ሸራ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ለእርሷ በጎን የተሣለ ፊት ወደ ጎን ያየ ፊት ነው። ወሎ ውስጥ ለግማሹ አንባቢ ያወጣኸውን ሕግ ለሁሉም አታድርገው።

ሐይቅ ዳር
ሕግ አላወጣሁም፤ «አዙራት» አልኩ።

የባቲው
«አዙራት» ትእዛዝ ነው። «ብታዞራትስ» ምክር ነው። የሰው ሥራ ላይ ስትጽፍ በ«ስ» ትጨርሳለህ።

የጦሳው
በዚህች እስማማለሁ። ግን የባቲው፣ አያትህን ያመጣሃት ጥሩ አስተያየት እየሰጠህ መሆኑን ልብ ብለሃል? ልጁ ሁለታችሁንም ቢሰማ ኖሮ አንባቢው ማን እንደሆነ ያስብ ነበር። ቅዳሜ የተዘጋው ይህ በር ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ መሐል ከተማችን ቆሞ እኛ ከአንድ ተወዳዳሪ አንድ መስመር ተጠየፍን።

ከኮምቦልቻ
አይጠየፍን ተዉት፤ እዚያ ግብር ነበር የሚበላው። ግብር ሲበላ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ሥጋህን አይተችም።

የሰኞ ገበያዋ
እኔ ደንቡ ይመለስ ባይ ነኝ። ልጅቷ ጎረቤቴ ስለሆነች ሌላ እንደማስብ የገመታችሁ ተሳስታችኋል። ግን እንደ ቡና ይሁን። በአቦሉ ያማረው ይነገር፣ በቶናው የጎደለው፣ በበረካው ምን ቢደረግ እንደሚሻል። ሦስቱን ያልጨረሰ አስተያየት አይሰቀል። «ማን እንደሚናገር አይታወቅም» ብሎ የሄደው ሰው ሲኒውን አስቀምጦ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።

ከኮምቦልቻ
በረካው ላይ ቡናው ቀጥኖ ውኃ ሆኗል፤ ቁም ነገሩን እዚያ ነው ያስቀመጡት። አቦሉ ላይ ደግሞ ሁሉም «ቀለሙ ያምራል» ብሎ ይገላገላል። እስካሁን በተጻፉት ላይ «ቀለሙ ያምራል» ስንት ጊዜ እንዳለ ቆጥራችኋል? ከተሰቀሉት ሥራዎች እኮ ብዙዎቹ በጥቁር እስክሪብቶ ብቻ የተሠሩ ናቸው!

እኔ የምለው አስተያየቱ ዳኞች ከወሰኑ በኋላ ይጻፍ ነው። ያን ጊዜ ማንም የሚያተርፈው ነገር የለም።

እርሳስ
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሦስተኛው ገጼ ከተፈረደበት በኋላ መልሱ ከጥያቄው መቅደሙን ብትነግረኝ ምን ላደርግበት ነው?

ከኮምቦልቻ
ለሚቀጥለው ዓመት።

እርሳስ
የሚቀጥለው ዓመት ውድድር መኖሩን ማን ነገረህ? የዘንድሮው ሽልማት መቼ እንደሚሰጥ እንኳ አልተነገረንም። ሥዕሎቻችን ይመለሳሉ ወይ ብዬ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። የወረቀቱን ዋጋ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሐይቅ ዳር
ያ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። እኔም ጠይቄያለሁ። «እንነጋገርበታለን» አሉኝ።

የዋድላ ልጅ
ወደ ጥርሱ እንመለስና፣ ከኮምቦልቻ አንድም ጊዜ ያልመለሰው ጥያቄ አለ። የጦሳው ስለሚያነክሰው በሬ ጠይቆት ነበር።

ከኮምቦልቻ
እመልሳለሁ። የሚያነክስ በሬ ሁሉም ያየዋል፤ እኔ መናገር አያስፈልገኝም። ዳኛም ያየዋል።

እርሳስ
ባለቤቱስ? ከኋላ እየነዳው የመጣው ባለቤቱ ከሁሉም በኋላ ነው የሚያየው።

የሰኞ ገበያዋ
ልጅቷ ይህን ሁሉ ስታነብ አመሸች። መጻፍ አልፈለገችም፤ አንድ ነገር ግን ጠይቂልኝ ብላኛለች። አራተኛው ገጽ ላይ ስድስት ሣጥን አለ። ማን እንደሚናገር ያልታወቀው በየትኛው ነው?

ሐይቅ ዳር
አምስተኛው ይመስለኛል፤ ሁለቱ ሴቶች ጀርባቸውን የሰጡበት። የአረፋው ጅራት በሁለቱ መሐል ወደ መሬት ነው የሚያመለክተው። ወደ አንዷ ራስ ብታስጠጋውስ?

ከኮምቦልቻ
ሥራዋን ካወረደች በኋላ ይህ ምን ያደርግላታል? ቀኑም ደንቡም አልፏል።

የባቲው
«ብታስጠጋውስ» አለ፤ ሰምታችኋል? በነገራችን ላይ የግመልም ዕድሜ በጥርስ ነው የሚታወቀው፤ በሬ ብቻ አድርጋችሁ ስታወሩ ቆይታችኋል።

ከኮምቦልቻ
ስለ ግመል ያነሣሁት ነገር የለም።