ኢኤስፒ32 ዋይፋይ ሲከፍት ሪስታርት እያደረገ አስቸገረ፤ ፓወሩና ሳጥኑ እንዴት ይስተካከል?

ታንከር_ጠባቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለ 30 ፒን ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው፣ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ነው፤ የታንከር ውሃ እየለካ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በሪሌ (በቦርዱ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስነሳል። በአጭር ዩኤስቢ ኬብል ሰላም ነው። በ1.5 ሜትሩ ሲሆን ግን ዋይፋይ ሲከፍት «ብራውንአውት ዲቴክተር ዋዝ ትሪገርድ» (ቮልቴጅ ወርዷል ማለት ነው) ብሎ እንደገና ይነሳል። 12 ቮልት አዳፕተር ቪን (የቦርዱ ፓወር መግቢያ ፒን) ላይ ቢሰጠውስ? መብራት ሲሄድ ደግሞ 18650 (የሚሞላ የሊቲየም) ባትሪ እንዲረከብ ይፈለጋል። ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት ይቻላል?

ሚሊአምፔር፦
ቦርዱ ደህና ነው፤ ቮልቴጁ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ቺፑ በዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 240 ሚሊአምፔር ይስባል፤ አምራቹም ምንጩ ቢያንስ 500 እንዲችል ይመክራል። እስቲ በ500 እናስላው። ቀጭን ኬብል ውስጥ ያለው 28 ጌጅ ሽቦ (የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) በሜትር 0.21 ኦም ግድም አለው፤ 1.5 ሜትር ደርሶ መልስ 0.64 ኦም። 0.32 ቮልት ኬብሉ ላይ ቀረ፤ ከ5 የሚተርፈው 4.68 ነው። ቦርዱ ላይ ያለው፣ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ሌላ 0.3 ይወስዳል፤ 4.38። ቮልቴጁን ለቺፑ የሚቀንሰው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር 3.3 ለማውጣት 4.4 አካባቢ ይፈልጋል። አፋፍ ላይ ነህ፤ ሪሌው የራሱን 70 ሚሊአምፔር ሲጨምርበት ይወድቃል።

አጭርና ወፍራም ኬብል (22 ጌጅ ወይም ከዚያ የወፈረ)፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር፣ ቪንና ግራውንድ መካከል ደግሞ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። መልቲሜትር የቅጽበቱን መውረድ አያሳይም፤ 4.7 ቢያነብም አትመነው። ብራውንአውቱን በኮድ አጥፋው የሚሉህን አትስማ፤ ፍላሽ (የቦርዱ ማከማቻ) ላይ እየጻፈ ቮልቴጁ ከወረደ ዳታው ይበላሻል።

ካቻቢቴ፦
12 ቮልት ቪን ላይ አይሆንም። (12 − 3.3) × 0.15 አምፔር = 1.3 ዋት ሙቀት ያቺ ትንሽ ሬጉሌተር ላይ ይወድቃል፤ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ይብሳል። 12 ብቻ ካለህ መሃል ላይ ኤልኤም2596 (ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ሞጁል) አስገባ። ቦርዱን ሳታገናኝ በመልቲሜትር እያየህ ብሎኗን አዙረህ 5.0 ላይ አድርሰው፤ ሳይስተካከል ያገናኘ ሰው ቦርድ ያቃጥላል።

ባትሪውን ቪን ላይ ብታደርገው ሞልቶም 4.2 ስለሆነ አይበቃም፤ 3.3 ፒን ላይ ብታደርገው ከ3.6 ስለሚበልጥ ቺፑን ይገድላል። በኤምቲ3608 (ቮልቴጅ ከፍ በሚያደርግ ሞጁል) ወደ 5 ከፍ አድርገው። ቲፒ4056 ቻርጀር ላይ ቦርዱን እያሠራህ ስትሞላ የቦርዱን ከረንት የባትሪው ስለሚመስለው መሙላቱን በትክክል አያቆምም፤ ጭነቱን ከባትሪው የሚለይ የዩፒኤስ ሞጁል ይሻላል። 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ፣ ቦርዱ በ5 ቮልት 120 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ 13 ሰዓት ያህል ያቆያል። ለነገሩ መብራት ሲሄድ ፓምፑም ይቆማል፤ ባትሪው የሚያቆየው ልኬቱን ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ ግን ቮልቴጁ እስኪረጋ 3 ደቂቃ ጠብቆ እንዲያስነሳ ኮዱ ላይ ጨምርበት።

ባለሳጥኑ፦
ከሁሉ የሚያሰጋው ሪሌው ነው። 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በ220 ቮልት 5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲነሳ ግን ከ5 እስከ 7 እጥፍ። ሰማያዊዋ ባለ 10 አምፔር ሪሌ ኮንታክቷ ይጣበቅና ኮዱ ዝጋ ቢልም ፓምፑ አይቆምም። ኮንታክተር (ለትልቅ ከረንት የተሠራ ሪሌ) ጨምር፤ ሪሌዋ የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ ታብራ፤ ፓምፑን ኮንታክተሩ ይሸከመው።

ሳጥኑ ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት ዋይፋይን ያፍናል። የአንቴናው ጫፍ ዙሪያውን 15 ሚሊሜትር ከብረትና ከሽቦ ነፃ ይሁን። ቦርዱን በናስትሮ ጠቅልለህ አታስገባው፤ ፔርፍቦርድ (ባለቀዳዳ መበየጃ ሰሌዳ) ላይ ሴት ሄደር (የፒን መሰኪያ) በይደህ ሰካው፣ ፔርፍቦርዱን በናይለን እግር እሰረው። ጃምፐር ሽቦ በፓምፑ ንዝረት ይላቀቃል፤ በብሎን የሚታሰር ተርሚናል ተጠቀም። ኮንታክተሩና 220ው በፕላስቲክ ግድግዳ ተለይተው ይቀመጡ። ኬብሎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ወደታች አድርገው፤ ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ይወርዳል።

ታንከር_ጠባቂ፦
ኮንታክተሩ ገብቶኛል። ኮድ ለመጫን ዩኤስቢውን ቪን ላይ ፓወር እያለ መሰካት ይቻላል?

ሚሊአምፔር፦
ቅድም ያልኩት የቦርዱ ዳዮድ ካለ ይቻላል፤ የሌላቸው ቦርዶች ግን አሉ። ሁሉንም ነቅለህ መልቲሜትሩን ዳዮድ መለኪያ ላይ አድርግና ከዩኤስቢው 5 ቮልት ወደ ቪን ለካ። በአንድ አቅጣጫ 0.2 ወይም 0.3 ካነበበ ዳዮድ አለ። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ከሆነ ዩኤስቢ ከመሰካትህ በፊት ቪኑን ንቀል።