ዳዊት ለሚደግሙ እናቴ የትኛው አጉሊ መነጽር ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። መደበኛ መነጽር ከዚህ በላይ እንደማይረዳቸው የዓይን ሐኪም ነግሮናል፤ ሆኖም ዳዊታቸውን ሳይደግሙ መዋል አይሆንላቸውም። በእጅ የሚያዝ አጉሊ መነጽር ብገዛላቸውም እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሉ ይሸሻቸዋል። ሰፊና 5 እጥፍ የሚያጎላ ባገኝላቸው ይሻል ይሆን?

የጦሳ ሥር፦
ወንድሜ፣ ስፋትና የማጉላት ኃይል አብረው አይሄዱም። 5 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ 20 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን የትኩረት ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሌንሱ ይጠባል፤ በአንድ ጊዜ የሚታዩትም ጥቂት ፊደላት ናቸው። ለእናታችን የምመርጠው በገጹ ላይ የሚቀመጠውን ባለ እግር አጉሊ መነጽር ነው፤ ርቀቱን ራሱ ስለሚጠብቅ የእጅ መንቀጥቀጥ ያን ያህል አያውከውም። መብራት ካለው ደግሞ ደሴ በጉም በተሸፈነችበት ቀን እንኳ ያግዛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከንባብ መነጽር ጋር ስለሚሠራ ያንን አድርገው ይሞክሩት።

ከኮምቦልቻ፦
እኔም የማየት አቅሜ ዝቅተኛ ነው። ረዘም ላለ ንባብ የስልኬን ማጉያ እመርጣለሁ፤ ጽሑፉን ነጭ፣ ወረቀቱን ጥቁር አድርጎ ስለሚገለብጠው ነጸብራቁ አይወጋኝም፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያም በግልጽ ትታየኛለች። ስልኩን ግን በማስቀመጫ ላይ ያድርጉላቸው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳይሞክሩት አልገዛም፤ ባለ እግሩን ራሳቸው እንዲያዩት ዳዊታቸውን አስይዤ እወስዳቸዋለሁ።