ለሰሜን ተራሮች የአውሮፕላን ኪራይ ማስታወቂያ፦ ጎንደር ላይ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር መጥቶ የሰሜንን ተራሮች ከአየር ላይ ለሚያሳይ የአነስተኛ አውሮፕላን ኪራይ የት ማስተዋወቅ እንደሚሻል ለምትጠይቁ፣ በከተማችን ያሉትን አማራጮች አወዳድሬ የማምንበትን እጠቁማለሁ።

አስቀድሞ ገበያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወንበር ይሸጣል፤ መቀመጫቸውን አዲስ አበባ ያደረጉት እንደ አቢሲኒያን ፍላይት ሰርቪስና ናሽናል ኤርዌይስ ያሉት ድርጅቶች ደግሞ አውሮፕላኑን በሙሉ ያከራያሉ። ስለዚህ ሴስና ካራቫን በተባለ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ውስጥ ባዶ የቀረ ወንበር ሁሉ ዋጋው በተሳፋሪዎቹ ላይ ይጨመራል፤ አውሮፕላኑ ባዶውን የሚመጣበትና የሚመለስበት ሰዓትም እንዲሁ ይታሰባል።

ሬዲዮና የፒያሳ ቢልቦርድ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ የሚሰማቸውና የሚያያቸው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም አውሮፕላን የሚከራየው ከመካከሉ እጅግ ጥቂት ነው።

በሆቴሎች የሚቀመጥ በራሪ ወረቀት ይሻላል። ጎሃ ሆቴል ከተራራው ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ እንግዳ ለዚህ ሐሳብ ቅርብ ነው። ሆኖም በአንድ ሆቴል መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ወረቀት ከአውሮፕላን ሥዕልና «ምቹ፣ ፈጣን፣ አስተማማኝ» ከሚሉ ቃላት በቀር አንዳች ነገር አልያዘም። እንግዳው የሚፈልገው የአንድ ሰው ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ በደመና ምክንያት በረራው ቢቀር ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስለት፣ ሻንጣው ስንት ኪሎ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ነው። አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በተለይ በቀትር ሙቀት አውሮፕላኑ የሚያነሳው ጭነት ይቀንሳል፤ ይህን በግልጽ መጻፍ እምነት ይገዛል።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ግን የአስጎብኚዎች የቴሌግራም ቡድኖች ናቸው። እዚያ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ስለ ድርጅቱ ማንነት ሳይሆን ስለ አንድ የታወቀ በረራ ይሁን፦ «ሐሙስ ጠዋት ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አውሮፕላን አለ፤ የቀሩት አራት ወንበሮች ናቸው።» ባዶ ሊመለስ የነበረ አውሮፕላን በዚህ መንገድ ገቢ ያመጣል፣ ጎብኚውም በቅናሽ ይበርራል። ወንበር በተናጠል መሸጥ በተሰጠው ፈቃድ ውስጥ መካተቱን ግን አስቀድሞ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማረጋገጥ የግድ ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። ጥር 11 ቀን ለሚከበረው ጥምቀት ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችን ጉዟቸውን የሚወስኑት ከወራት በፊት በመሆኑ፣ ማስታወቂያው በታኅሣሥ ሳይሆን በመስከረምና በጥቅምት ሊደርሳቸው ይገባል።

በመጨረሻም ዋልያና ጭላዳ ከአውሮፕላን መስኮት እንደሚታዩ ተስፋ የሚሰጥ ማስታወቂያ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ። ከአየር ላይ የሚታየው ገደሉና ሸለቆው ነው፤ እንስሳቱን ማየት የሚፈልግ በደባርቅ በኩል ገብቶ በእግሩ ከአስጎብኚ ጋር መሄድ አለበት፤ ማስታወቂያውም ሁለቱን አንድ ላይ ቢያቀርብ አስጎብኚው ራሱ የበረራው ዋና ሻጭ ይሆናል።