ጥቆማ፦ እንደምወደው ተዋናይ ልቆረጥ ነው፤ ፀጉር ቤት ይሻለኛል ወይስ የራሴ ቶንዶስ?

ጎፈሬው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የምወደው ተዋናይ አዲስ ፎቶ ለጠፈ። ያ ትከሻው ላይ ይወርድ የነበረ ፀጉር የለም! ጎንና ጎኑ አጭር ሆኖ አናቱ ላይ ትንሽ ከርደድ ያለ ብቻ ቀርቷል። ደነገጥኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፀጉሬን ያሳደግኩት እኮ እሱን እያየሁ ነው። መጀመሪያ ከፋኝ። ማታ ደጋግሜ ሳየው ግን ፊቱን ገና አሁን ያየሁት መሰለኝ። ዓይኑ፣ አገጩ፣ ሁሉም ወጣ። እኔም ልቆረጥ ነው። ፀጉር ቤት ልሂድ ወይስ ቶንዶስ ገዝቼ ቤት ልሞክረው? ለአናቱስ ጄል ይሻላል ዋክስ?

የማታ ተመልካች፦
እኔ አልወደድኩትም። ምን ነክቶት ነው? እሱን ከሩቅ የምንለየው በፀጉሩ ነበር።

ዞማ፦
ለሥራ ይሆናል። ተዋናይቷ ናታሊ ፖርትማን ለፊልም ብላ ካሜራ ፊት ነው የተላጨችው። ከተላጨች በኋላ ድጋሚ መቅረጽ ስለማይቻል ባንዴ መጨረስ ነበረባቸው። ቻርሊዝ ቴሮንም ለፊልም ብላ ተላጭታለች። ያድጋል፣ አትዘኑ።

የማታ ተመልካች፦
ያድጋል ማለት ቀላል ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ትከሻ እስኪደርስ ከሁለት ዓመት በላይ ልንጠብቅ ነው።

ምላጭ አይንካኝ፦
ወንድሜ፣ የምትሄድበትን ፀጉር ቤት በደንብ እወቅ። እኔ አንዱ ጋ ገብቼ ፌድ ተቆረጥኩ፣ ያ ከታች አጥሮ ወደ ላይ እየረዘመ የሚሄደው። ማጅራቴን በምላጭ ጨረሰልኝ። በሦስተኛው ቀን አንገቴ በሙሉ እብጠት ሆነ። ሁለት ወር ሸሚዝ መቆለፍ አልቻልኩም። እስካሁን ጠባሳው አለ። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ሳይ ሰውነቴ ይቆጣል።

ሰባት ቁጥር፦
እኔም! አገጬ ሥር። ምን ተቀባህ?

የእናቴ ልጅ፦
የኔም ባል እንዲሁ ሆኖ ነበር። ጢሙን ማሳደግ ሲጀምር ተወው።

ምላጭ አይንካኝ፦
ያልተቀባሁት የለም። የረዳኝ መላጨቱን ማቆም ብቻ ነው።

የድሮ ደንበኛ፦
እኔ ቆራጬን አሥራ አንድ ዓመት አልቀየርኩም። አንዴ ከጆሮዬ በላይ መላጣ አድርጎኛል፣ እሱም ስለተንቀሳቀስኩ ነው። እንደሱ ያለ እጅ የለም። ቶንዶስ ምናምን እርሱት፣ የኔ ሰው ጋ ሂዱ።

ሰባት ቁጥር፦
መላጣ ያደረገህ ሰው ጋ ነው የምትልከን? ልጁ የጠየቀው ሌላ፣ እዚህ የሚወራው ሌላ።

መቀስና ማበጠሪያ፦
ሥራዬ ስለሆነ ልመልስ። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ እኩል ሲላጭ ጫፉ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። እብጠቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ማጅራቴን በማሽን ጨርስልኝ፣ ምላጭ አታስነካኝ» በል። ማሽኑን በፊትህ እንዲያጸዳም ጠይቅ፣ ቆረቆር በማሽን ይተላለፋል። አታፍር።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ጎኑ በፎቶው እንደማየው ከቆዳ ጀምሮ እየወፈረ ይወጣል። እሱን ለራስህ በመስታወት መሥራት ከባድ ነው፣ በተለይ ከኋላ። የመጀመሪያውን ፀጉር ቤት ተቆረጥ። ቶንዶሱ ለማስተካከያ ይጠቅምሃል። ጫፉ ላይ ከሚገጠሙት ማበጠሪያዎች ቁጥር 1 ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ፀጉር ያስቀራል፣ ቁጥር 2 ስድስት፣ ቁጥር 4 አሥራ ሦስት። ሁሌ ከትልቁ ቁጥር ጀምር፣ ማሳጠር ይቻላል፣ መመለስ ግን አይቻልም። ጄል ሲደርቅ ፀጉሩን ድርቅ ያደርገዋል። የሱ አናት ለስላሳ ነው የሚመስለው፤ እርጥብ ፀጉር ላይ ትንሽ ክሬም ይበቃል። ለቆራጩ የምታሳየው ፎቶ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የተነሳ ይሁን።

የማታ ተመልካች፦
አሜሪካዊቷ ተዋናይ ኬሪ ራስል ምን እንደደረሰባት ታስታውሳላችሁ? በ1999 እ.ኤ.አ. ያን ረጅም ጥቅልል ፀጉሯን ተቆርጣ የምትሠራበት የቴሌቪዥን ድራማ ተመልካች ቀነሰ። ተመልካች እኮ ይቀየማል።

ዞማ፦
ድራማው በዚያው ጊዜ ወደ እሁድ ማታ ተዛውሮ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ግን ፀጉሯ ላይ ተለጠፈ። ያን ጊዜም አሳዝናኝ ነበር፣ አሁንም ያሳዝነኛል። ሰው በገዛ ራሱ ፀጉር ይወቀሳል?

የድሮ ደንበኛ፦
የኔ ሰው ክሬምም አለው።

ጎፈሬው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ መቀስና ማበጠሪያ። የምላጩን ነገር አላውቅም ነበር። ያገኘሁት ፎቶ ሁሉ ከፊት የተነሳ ነው። ከኋላ የሚያሳይ ያለው አለ?

የማታ ተመልካች፦
አለኝ፣ ልኬልሃለሁ። ማጅራቱ ላይ በጣም ንጹሕ ነው፣ ያን አልክድም። እኔ ግን አሁንም የድሮውን ነው የምወደው።